ከባርኔጣው ሥር

ለንደን ውስጥ ሹሩባ እሠራለሁ። አንድ ቀን ከፊልም ቀረጻ ተደወለልኝ። "ነገ ጠዋት ደርቢሻየር መድረስ ትችያለሽ?" ዊግ የሚያበጥሩ ባለሙያዎች ሞልተዋቸዋል፤ የዋናዋን ተዋናይት ፀጉር ደፍሮ የሚነካ ግን ጠፋ። ልጅቷ ለንደን የተወለደች የናይጄሪያውያን ልጅ ናት። ፊልሙ በ1780ዎቹ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ የሚሆን የፍቅር ታሪክ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ በሆዴ "በዚያ ዘመን፣ እዚያ ገጠር ጥቁር ከየት መጣ?" ብያለሁ። እንጀራ ነውና ዝም አልኩ።

ገና ሳይነጋ ሥራ ጀመርን። የምታደርገውን ባርኔጣ አየሁት፤ ጆሮ ድረስ ይሸፍናል። ታዲያ ምን አስጨነቀኝ? አርቴፊሻል ፀጉር ቀላቅዬ፣ እንደ ቅዳሜ ደንበኞቼ ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጌ ሠራኋት። በመስታወቱ አየችኝና "ዛሬ እኮ..." ስትል "አይዞሽ፣ አይታይም" አልኳት።

ኮረብታው ላይ ፍቅረኛዋ እጇን ያዘ። ትልቁ የነፋስ ማሽን ተከፈተ። ባርኔጣው ሄደ። ለካ ስክሪፕቱ ላይ ተጽፏል! የ1780ዎቹ እመቤት በፀሐይ የሚያብለጨልጭ ናይለን ሹሩባዋን ይዛ ቆመች።

"ከት!"

ዳይሬክተሩ አልተቆጣም። ሰዓቱን አየ። ይሄ ይብሳል።

ሦስት ሆነን እየፈታን ነው። ልጅቷ ራሷ የግንባሯን እየፈታች "በየፊልሙ ባርኔጣ ያደርጉልኛል። ይችን ቀን ነበር የምጠብቀው" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ይሄኔ የታሪክ አማካሪዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። በ1761 ስለተወለደችው ዳይዶ ኤሊዛቤት ቤል ነገረችኝ። እናቷ በባርነት የኖረች አፍሪካዊት፣ አባቷ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን። ያሳደጋት የአባቷ አጎት፣ የእንግሊዝ ዋና ዳኛ የነበረው ሎርድ ማንስፊልድ ነው። ያኔ ከለንደን ውጭ በነበረው በኬንዉድ ቤታቸው የወተቱንና የዶሮውን ሥራ የምትመራው እሷ ነበረች። በታወቀው ሥዕሏ ላይ ራሷ በጥምጥም ተሸፍኗል። በ1779 ግን የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበረው ቶማስ ሀቺንሰን እዚያ ቤት ተጋብዞ ነበር። ከእራት በኋላ ገብታ ከወይዛዝርቱ ጋር መቀመጧን፣ ከቡናው በኋላም ከእንግዶቹ ጋር አትክልት ቦታው ውስጥ መንሸራሸሯን በማስታወሻው አስፍሯል። ረጅም ቆብ ማድረጓንም ጽፏል። የማጅራቷ ፀጉር ከርደድ ያለ ነው፣ ለጊዜው ፋሽን ትልልቅ ጥቅልል አይበቃም ይላል። ሰውዬው የጻፈው በንቀት ነው። ለእኔ ግን ከ200 ዓመት በፊት የሥራ ትእዛዝ ጽፎልኛል።

የአናቷን ፀጉር ሰብስቤ በመርፌ ያዝኩ። የማጅራቷን ተውኩት። እስክንጨርስ ፀሐይዋ ጠለቀችና ቀረጻው ለማግስቱ ተላለፈ።

አሁን ማበጠሪያ ሳላወጣ "ባርኔጣው የሚወልቀው የትኛው ትዕይንት ላይ ነው?" እላለሁ። ፊልሙን ሲኒማ ቤት ገብቼ አየሁት። ነፋሱ የሚመጣበት ቦታ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ፈንዲሻዋን ትበላለች። እኔ ማጅራቷን ሳይ አመለጠኝ፣ ሲሳሳሙ እንኳ አላየሁም።