ትከሻ በጉልበት አይፈታም

«ጠበቅ አድርገህ እሸኝ፣ እኔ ሕመም እችላለሁ።» ደሴ ውስጥ ፊዚዮቴራፒ የሚሠራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም። ብዙ ሰው ሕክምና የሚሠራው ባሳመመው ልክ ይመስለዋል። ካላስጮኸ፣ ካላላበ፣ አንድ ቦታ «ቀጭ» ካላለ አልታከምኩም ብሎ ቅር ብሎት ይሄዳል። ስለዚህ ነገር መጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። በዚህ ሐሳብ የተነሳ ሊድን የሚችል ትከሻ ሲብስበት ማየት ያንገበግበኛል።

ማኑዋል ቴራፒ በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ነው። በውስጡ ጡንቻ ማላላት አለ፣ ጅማት ላይ መሥራት አለ፣ መገጣጠሚያ ማንቀሳቀስ አለ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ መጨረሻው ነው፤ ሞቢላይዜሽን ስለምንለው።

ክንድህን ወደ ላይ ስታነሳ አጥንቱ የሚሽከረከር ብቻ ሊመስልህ ይችላል። ውስጥ ግን ሌላም ነገር አለ። የክንድ አጥንት ጫፍ ክብ ነው፤ የሚያርፍበት የትከሻ አጥንት ጎድጓዳው ደግሞ ትንሽና ጥልቀት የሌለው ነው። በሲኒ ማስቀመጫ ላይ ሎሚ አስቀምጠህ ብታንከባልለው ከጠርዙ ይወድቃል። እንዳይወድቅ እየተንከባለለ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መንሸራተት አለበት። ትከሻም እንደዚያው ነው፤ ክንድ ወደ ላይ ሲወጣ የአጥንቱ ጫፍ ወደ ታች ትንሽ ይንሸራተታል። ያቺ መንሸራተት በዓይን አትታይም፣ አንተም በፈቃድህ ለብቻዋ ልታደርጋት አትችልም። መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ሲያብጥና ሲኮማተር ግን የምትጠፋው እሷ ናት። ያኔ ክንድህን በጉልበት ብትጎትተው አጥንቱ ሳይንሸራተት ከላይ ካለው ጋር ይጋጫል፣ ጅማቱን ይቆነጥጣል፣ ያማል። እኛ በእጃችን የምንመልሰው ያቺን የጠፋች መንሸራተት ነው።

አውስትራሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ጄፍሪ ሜትላንድ ይህን በደረጃ አስቀምጦታል፤ እስካሁንም የምንሠራበት በእሱ ነው። አንደኛ ደረጃ፣ በእንቅስቃሴው መነሻ ላይ በጣም ትንሽ ወዝወዝ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ሰፋ ያለ ግን ተቃውሞ፣ ማለትም መገጣጠሚያው አልሄድም ማለት የሚጀምርበትን ቦታ፣ ሳይነካ የሚመለስ። ሦስተኛ፣ ሰፊ ሆኖ ተቃውሞው ውስጥ የሚገባ። አራተኛ፣ እዚያው ጥጉ ላይ ሆኖ በትንሹ የሚወዛወዝ። አምስተኛው ፈጣን ግፊት ነው፤ ማኒፑሌሽን የሚባለው፣ ድምፅ የሚያሰማው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሕመምን ለማስታገስ ናቸው፣ ሦስትና አራት የደረቀውን ለማላላት። ማወዛወዙ በሰከንድ 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይደረጋል፤ ከዚያ ቆም ብሎ እንደገና መለካት። ዋናው ጥበብ የቱን ደረጃ ለማን፣ መቼ የሚለው ላይ ነው። በሌሊት ሕመም እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይ አራተኛ ደረጃ መሥራት በእሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው።

እንዴት ብሎ በቀስታ መወዝወዝ ሕመም ያስታግሳል ትሉኝ ይሆናል። ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ አለ። ከመገጣጠሚያውና ከቆዳው የሚነሳው የመነካትና የመንቀሳቀስ መልእክት አከርካሪ ውስጥ ሲደርስ የሕመሙን መልእክት ያደበዝዘዋል ይላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዝርዝር ተጨምሮበታል፤ ዋናው ነገር ግን እጃችን አጥንት ቦታ ከማስያዝ ይልቅ ነርቭን እያረጋጋ መሆኑ ነው። እጅህ በር ሲመታ ወዲያው የምታሸው ለዚሁ ነው።

ትከሻቸው የደረቀባቸው አንዲት እናት አሉ፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ። ቤታቸው እንጀራ እየጋገሩ ለሱቅ ያስረክባሉ። መጀመሪያ «ብርድ ነው» ብለው ወራት ጠበቁ፤ ደሴ ላይ ሁሉ ነገር በብርድ ይመካኛል። ከዚያ ታሹ። ጨርሶ ባሰባቸው። ሲመጡ አክንባሎውን የሚያነሱት በግራ እጅ ነበር፣ ነጠላቸውን የምታጣፋላቸው ልጃቸው ነበረች። ክንዳቸውን እንዲያነሱ ጠየቅኳቸው፤ አልሄደም። እኔ ይዤ ሳነሳውም እዚያው ቆመ። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጅማት ብቻ የተጎዳ ቢሆን ራሳቸው ባይችሉም በእኔ እጅ ይሄድ ነበር። ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግቼ መዳፋቸውን ወደ ውጭ ሳዞር ደግሞ ከሁሉ በላይ የተዘጋው ያ ሆነ። ወደ ውጭ መዞር በጣም፣ ወደ ጎን መነሳት ቀጥሎ፣ ወደ ውስጥ መዞር በመጠኑ። የትከሻ ከረጢት ሲኮማተር ብዙውን ጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የሚዘጋው። ፍሮዝን ሾልደር የምንለው ሕመም ነው። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ፣ በሴቶች ላይ በተለይ ይበዛል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ደግሞ በጣም ይበዛል፤ ስለዚህ ትከሻው ያለ ምክንያት የደረቀ ሰው ስኳሩን ይመርመር እላለሁ። የእሳቸውም ሲመረመር ስኳሩ ከፍ ብሎ ተገኘ።

አስተኛኋቸው። ክንዳቸውን ከጎናቸው ትንሽ ከፍ አድርጌ ፎጣ አስደገፍኩት፤ ከረጢቱ በጣም የሚላላው እዚያ አካባቢ ነው። በአንድ እጄ ክርናቸውን ይዤ በሌላው መዳፌ የክንዱን አጥንት ጫፍ ከፊት በኩል ነካሁትና ወደ ኋላ በቀስታ ወዝወዝ ማድረግ ጀመርኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «የኔ ልጅ፣ መቼ ነው የምትጀምረው?» አሉኝ። «ጀምሬያለሁ እናቴ፣ አብሽሩ» አልኳቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው መኮማተር ሲለቅ፣ ወደ ጆሯቸው የወጣው ትከሻ ዝቅ ሲል በእጄ ይሰማኝ ነበር። ጡንቻው መከላከሉን ሲያቆም ነው ሥራ የሚጀመረው። በኃይል የሚገባ እጅ ይህን መቼም አያገኝም፤ ሰውነት ኃይል ሲመጣበት ይቆልፋል።

ወደ ኋላ መግፋቴ ለሙያው ሰዎች ጥያቄ ያስነሳ ይሆናል። የኖርዌዩ ፊዚዮቴራፒስት ካልተንቦርን ባስተማረው የክብና የጎድጓዳ ሕግ (ያ በሎሚው ያየነው ነው) መሠረት፣ ወደ ውጭ መዞርን ለመክፈት አጥንቱን ወደ ፊት ነው መግፋት የነበረብኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ግን ፍሮዝን ሾልደር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሁለቱን አነጻጽሮ፣ ወደ ኋላ የተገፋላቸው ወደ ውጭ መዞራቸው በተሻለ መጠን እንደጨመረ አሳይቷል። ሕጉ መነሻ ይሆናል እንጂ መገጣጠሚያው የሚለውን መስማት ይቀድማል። ሞክር፣ ለካ፣ ካልተለወጠ አቅጣጫ ቀይር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው በእኛ አገር የሚዘነጋው። በአልጋ ላይ የተገኘችው የአሥር ዲግሪ እንቅስቃሴ የዚያኑ ዕለት ካልተሠራባት ትመለሳለች። ስለዚህ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። በጣት ግድግዳ እየቆነጠጡ መውጣት፣ የደረሱበትን በከሰል ምልክት ማድረግ። ነጠላ ከኋላ አሳልፎ በደህናው እጅ የታመመውን ወደ ላይ መሳብ። ሊጡን ምጣድ ላይ ሲያዞሩ በቀኝ እጅ፣ ቀስ ብሎም ቢሆን። እውነቱን ለመናገር ለውጡን ያመጣው የእኔ እጅ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እጄ ሕመሙን ቀነሰላቸው፣ እሳቸው ደግሞ በዚያች ክፍተት ተጠቅመው አሠሩት። ይህ ሕመም ከዓመት እስከ ሦስት ዓመት ሊቆይ የሚችል ነው፤ በሦስት ቀን እፈታዋለሁ የሚላችሁን ሰው አትመኑ።

ስለ «ቀጭ» ደግሞ። ቲክቶክ ላይ አንገት ሲጠመዘዝ የሚያሳዩት ቪዲዮዎች ብዙ ሰው አሳስተዋል። ያ ድምፅ አጥንት ቦታው ሲገባ የሚሰማ አይደለም። መገጣጠሚያው ሲሳብ በውስጡ ባለው ፈሳሽ ውስጥ የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 የጣት መገጣጠሚያ «ቀጭ» ሲል በኤምአርአይ ቀጥታ አይተውታል። ድምፁ መጣ አልመጣ ሕክምናው ሠራ አልሠራ ማለት አይደለም። የወገብ ማኒፑሌሽን በሠለጠነ እጅ፣ ለትክክለኛው ሰው ሲደረግ ይጠቅማል። አንገት ላይ ግን በጣም እጠነቀቃለሁ። ወደ አንጎል ደም የሚወስዱ ሥሮች በዚያ ያልፋሉ፤ አልፎ አልፎም ቢሆን ተቀደው ስትሮክ ያመጡበት ጊዜ አለ። ፀጉር ቤት ተቆርጣችሁ ስትጨርሱ «አንገትህን ላፍታታልህ» ሲሏችሁ እባካችሁ እምቢ በሉ።

እግርን ሳልነካ ማለፍ አልችልም፤ ደሴ ዳገት ናት። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ከጄሶ የወጣ ሰው ዳገቱ ላይ ይታወቃል፤ ተረከዙ ቶሎ ይነሳል፣ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ይራመዳል። ሶላት ላይ ሱጁድ ሲወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይቸገራል፤ ብዙዎቹ የሚመጡት «እንደ ሰው መስገድ ናፈቀኝ» ብለው ነው። እዚህ ላይ የምንሠራው ተረከዙን ደግፈን ታለስ የሚባለውን የቁርጭምጭሚት አጥንት ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ አጥንቱ መግጠሙ ከተረጋገጠ በኋላ። ኒውዚላንዳዊው ፊዚዮቴራፒስት ብራያን ሙሊጋን ደግሞ ሰውየው ራሱ እየተንቀሳቀሰ አጥንቱን በቀበቶ መያዝን አስተምሯል። እኔ ለቁርጭምጭሚት ይህን እወደዋለሁ፤ ሰውየው ቆሞ፣ ክብደቱን ጥሎበት፣ እንደሚሰግደው ጉልበቱን እያጠፈ ይሠራል። ቤት ውስጥ ራሳችሁን መለካት ትችላላችሁ። ጣታችሁን ከግድግዳው ትንሽ አርቃችሁ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበታችሁን ግድግዳ ለማስነካት ሞክሩ። ሁለቱን እግሮች አነጻጽሩ።

ስለ ወጌሻ ሳላነሳ ብቀር ሐቀኛ አልሆንም። ደላንታ ወይም ተንታ ያለ ገበሬ እግሩ ሲታጠፍ ደሴ ድረስ የሚመጣበት ገንዘብ የለውም። ወጌሻው ግን ጎረቤቱ ነው፣ ያውቀዋል፣ በሌሊትም ይነሳለታል። ቀላል ወለምታ ያሸለትና ይሻለዋል። ይህን አልንቅም። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ያበጠና የተጣመመ ነገር ሳይታሽ ራጅ ይነሳ። እንጨት ተደርጎ የታሰረ እጅ ወይም እግር ላይ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከጨመረ፣ ማሰሪያው ያኔውኑ ይላላና ሆስፒታል ይሄድ። ከማጥበቅ የተነሳ ደም አጥቶ የተቆረጠ የልጅ እጅ መልሰን አናመጣውም።

እኔም የማልነካው አለ። ሌሊት ሌሊት የሚያልበው፣ ክብደት የቀነሰ፣ ጀርባው ለወራት የሚያመው ሰው ሲመጣ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት የአከርካሪ ቲቢ ነው ወይ ብዬ አስባለሁ፤ እኛ አገር ይህ ያለ ነገር ነው። እንዲህ የተበላ አከርካሪ ላይ መጫን ሰውን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ለረዥም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ፣ አጥንቱ የሳሳ አዛውንት፣ ሞቆና ቀልቶ ያበጠ መገጣጠሚያ፣ እነዚህም መጀመሪያ ሐኪም ጋ ነው። የወገብ ሕመም ኖሮት ሽንት ከከለከለው ወይም ካመለጠው፣ በጭኖቹ መሃል ከደነዘዘው ደግሞ ለነገ አይባልም፤ የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

በ2014ቱ ጦርነት የደሴና የዙሪያዋ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ብዙ የሕክምና መሣሪያ ሄዷል። ይህ ሕክምና ግን መብራት አይፈልግም፣ ማሽን አይፈልግም። አልጋ፣ ፎጣ፣ አንዳንዴ ቀበቶ፣ ከዚያ የሠለጠነ እጅ ይበቃዋል። ለዚህም ነው ወሎ ውስጥ ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች ቢስፋፋ የምመኘው። ጥይት ክርኑን ወይም ጉልበቱን ያደረቀበት ወጣት ዛሬም አለ፤ እሱ ያለበት ድረስ የሚሄድ ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ፊዚዮቴራፒ ስትሄዱ ጠይቁ። ምን አገኘህብኝ? ከመሥራትህ በፊት ለክተኸዋል? ቤት ምን ልሥራ? መልስ ካላገኛችሁ፣ እጁ የቱንም ያህል ቢጠነክር ሌላ ባለሙያ ፈልጉ። ሲያማችሁ ደግሞ ጥርስ ነክሳችሁ ዝም አትበሉ። ሥራ ላይ እያለሁ የምትነግሩኝ ነገር ከራጁ እኩል ያስፈልገኛል።