የኔ ልጅ፣ ማንኪያ ይኖርሻል?

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ጽጌን የሚጾም አልነበረም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የፈቃድ ጾም ነው ብሎ ለገባበት ሰው አጥንቱ ቀርቶ ቅቤም የለም። ብርዱ ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ስለዚህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ድስት የሚከፍት ጾመኛ የሚፈልገው ሆድ የሚይዝ፣ እንጀራ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ወጥ ነው። እኔም ይህንኑ ብዬ ነበር ጎረቤት ጠርቼ ዱባ ወጥ ያቀረብኩት።

ከታችኛው ፎቅ ያሉት እትዬ አንድ ጉርሻ ለመጠቅለል ሞከሩ። ወጡ በጣታቸው መሃል ሾልኮ ወደ ትሪው ተመለሰ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ከልብ በሆነ ትሕትና፣ «የኔ ልጅ፣ ማንኪያ ይኖርሻል?» አሉኝ።

እትዬ ክፋት የላቸውም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። ክፉ ቢሆኑ «ምቀኛ!» ብዬ እገላገል ነበር።

መጀመሪያ ለሻዩ መስሎኝ የሻይ ማንኪያ አመጣሁላቸው። አገላብጠው አዩትና «ከዚህ ከፍ ያለ የለም?» አሉ። ከፍ ያለ! በማንኪያው መጠን ላይ አቋም አላቸው ማለት ነው። ቁጭ ብለው አስበውበታል ማለት ነው። የወጥ ቤቴ መሳቢያ ደግሞ ሲከፈት ይጮኻል፤ እንግዳው ሁሉ ጭጭ ብሎ ሲሰማው ዋለ። ትልቁን አምጥቼ ሰጠኋቸው። ይሄኔ ባለቤቴ ቀና ብሎ «ለኔም» አለ።

እትዬ ሲጨርሱ ማንኪያውን ራሳቸው አጥበው፣ አድርቀው፣ መሳቢያው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስተኙት። አሁን የትኛው እንደነበር መለየት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ሁሉንም እጠረጥራለሁ። ሌሊት ሌባ ገብቶ ቤቱን ሙልጭ አድርጎ ያንን ማንኪያ ቢተውልኝ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የምከሰው ስላልወሰደው ነው። አንድ ቀን ትልቅ ሰው ሆኜ ሐውልት ቢቆምልኝ ደግሞ በቀኝ እጄ ምን እንደሚያስይዙኝ ከአሁኑ አውቄዋለሁ።

በማግስቱ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው በር አንኳኩታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ልጄን ጉንፋን ይዞታል፤ ያንን የትናንቱን ሾርባ እንዴት እንደሠራሽው ንገሪኝ።»

ሾርባ!

እንግዲህ ሾርባ የማይሆነው ዱባ ወጥ እንዴት እንደሚሠራ ለእሷም፣ ለሕንፃው ሁሉም፣ ልንገር።

ዱባ ከመቶ 90 ያህሉ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ዱባ ድስት ውስጥ ስትጨምሩ 900 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚገባው። የመስከረምና የጥቅምት ዱባ ደግሞ ክረምቱን አጥር ላይ ዝናብ ሲጠጣ የከረመ፣ ገና ከሐረጉ የተቆረጠ ነው። ሙሉውን ገዝቶ አየር በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት የሚያዋጣው ለዚህ ነው፤ ቆዳው ይጠነክራል፣ ከውሃው የተወሰነው ይወጣል፣ ሥጋውም እየጣፈጠ ይሄዳል። ስትገዙ ጭራውን እዩ፤ ደርቆ እንደ ቡሽ ከሆነ በስሏል፣ አረንጓዴና ለስላሳ ከሆነ ቸኩለው ነው የቆረጡት። ቆዳውን በጥፍር ሞክሩት፣ ጥፍር ካስገባ ተዉት። እጅ ላይ ከመጠኑ በላይ ሊከብድ ይገባል።

ከጉሊት በቁራጭ የምትገዙ ከሆነ የተቆረጠውን ገጽ ተመልከቱ። ብርቱካናማው ደመቅ ያለ፣ ሲነካ ደረቅ ያለ ይሁን። የሚያብለጨልጭና የሚያንጠባጥብ ከሆነ ወይ ዱባው ራሱ ውሃ ነው፣ ወይ ባለቤቲቱ ትኩስ እንዲመስል ውሃ ረጭታበታለች። እኔ የገዛሁት ቁራጭ ያብለጨልጭ ነበር። «ዛሬ ጠዋት የተቆረጠ ነው» ተባልኩ፤ እውነት ነው፣ ዛሬ ጠዋት ተቆርጦ ዛሬ ጠዋት ታጥቧል።

ለአንድ ኪሎ የተላጠ ዱባ (ሳይላጥ አንድ ኪሎ ተኩል ግዙ፤ ቆዳውና ፍሬው ይወስደዋል) ግማሽ ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ (ይኸው፣ ከማንኪያ ማምለጥ አይቻልም)፣ ስድስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ይበቃል።

ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት ይቁላላ። ዘይት ቀድማችሁ ከጨመራችሁ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ ውሃውን ጨርሶ አይሟሽሽም፣ ቁሌቱም ሳይዋሐድ ቁርጥራጩ ይታያል። መካከለኛ እሳት ላይ እያማሰላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ስጡት። መጀመሪያ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ ያ ውሃ ያልቃል፣ ከዚያ ድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል። ዘይቱ የሚገባው ያኔ ነው። እዚህ መሃል መብራት ከሄደ ዕድላችሁ ነው፤ ግማሽ የተቁላላ ሽንኩርት በገዛ ውሃው ሲዘፈዘፍ ይቆያል፣ መብራቱ ሲመለስ እንደ አዲስ ማድረቅ ይጠይቃል።

በርበሬው ሲገባ እሳቱን ቀንሱ፤ በርበሬ ቶሎ ያራል፣ ያረረ በርበሬን ደግሞ ምንም አያድነውም፣ ይመራል። ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ሲደርቅ እንደገና ጠብ እያደረጋችሁ፣ 15 ደቂቃ ያህል አቁላሉት። ዘይቱ ተለይቶ ከላይ ሲታይ ቁሌቱ ደርሷል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ እዚህ ይገባሉ። በኢንተርኔት ቪዲዮ «ትንሽ ጠበስ ጠበስ እናደርገዋለን» እያሉ በሁለት ደቂቃ የሚዘሉት ይህንን ነው። በርበሬው ጥሬ ጥሬ ሲል የሚያየው በላተኛው ነው እንጂ ካሜራው አይደለም።

ዱባው በሦስት ሴንቲሜትር ይቆረጥ። ከዚያ ካነሰ ይሟሟል፤ ከዚያ ከበለጠ ውጪው ሲፈርስ ውስጡ ይጠነክራል። ቁሌቱ ላይ ከጨመራችሁት በኋላ ውሃ አትጨምሩ። በፍጹም። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ደረቅ ይመስላል፣ እጃችሁም ወደ ማሰሮው ይሄዳል፤ መልሱት። ዱባው ሲሞቅ የራሱን ይለቃል። ጨው ከመጀመሪያው ከነሰነሳችሁበት ያንን ውሃ በአንድ ጊዜ ስቦ ያወጣዋል፣ ስለዚህ ጨውን መጨረሻ ላይ አድርጉት። በማማሰያ አትምቱት፤ ድስቱን በጆሮው ይዛችሁ ነቅነቅ ማድረግ ይበቃል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ውስጥ ቢላዋ ሳይታገል ሲገባ ይውረድ። መከለሻውን ነስንሳችሁ አሥር ደቂቃ ተዉት፤ ዱባ ከእሳት ከወረደም በኋላ ይወፍራል።

ከሁሉም በላይ ግን ክዳን። ድስቱ ገርበብ ይበል እንጂ አይከደን። ክዳን ማለት የወጣው እንፋሎት ተመልሶ ወጡ ላይ ይዘንባል ማለት ነው።

ድስቱም ሰፊ ይሁን። ይህ እንደ ቅንጦት የሚታይ ነገር አይደለም። ባለ 30 ሴንቲሜትር ድስት አፉ ከባለ 20 ሴንቲሜትሩ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ ውሃው የሚተንበት ገጽ ያንን ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በጠባብና ረጅም ድስት ውስጥ ዱባው ተደራርቦ የታችኛው በላይኛው ክብደት ይፈርሳል፣ የላይኛው ደግሞ በእንፋሎት ይቀቀላል። የሚወጣው ነገር በማንኪያ ይበላል።

እኔ ሰፊ ድስት አለኝ። ማለትም ነበረኝ። አራተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ለልጇ ክርስትና «ለአንድ ቀን» ብላ ወሰደችው። ልጁ አሁን ይሄዳል። ድስቱ ብቻ ነው መሄድ ያቃተው። ስንገናኝ «ውይ፣ ያንቺ ድስት እኮ!» ትለኛለች፤ የጠፋ ዘመድ ያስታወሰች ትመስላለች፤ ከዚያ ስለ ውሃ ፈረቃ እናወራለን። በቀደም በሯ ተከፍቶ ሳልፍ ኮሪደሩ ላይ አየሁት። ካልሲ ተዘፍዝፎበት ነበር። ጥቁር ካልሲ፣ ከነአረፋው። እንግዳ ጠርቼ በጠባብ ድስት ስቀቅል የዋልኩት እንግዲህ የሰው ካልሲ በምቾት እንዲዋኝ ነው።

ውሃ ላመለጠው ዱባ መድኃኒት አለው፤ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት ከሆነ ማለቴ ነው። ቁራጮቹን ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ፣ የቀረውን ፈሳሽ በኃይለኛ እሳት እስኪወፍር አንተክትኩት፣ ከዚያ መልሱዋቸው። ሌላው ከመጀመሪያው ሁለት መካከለኛ ድንች ከዱባው ጋር መጨመር ነው፤ የድንቹ ስታርች መረቁን ይይዘዋል። ሽሮ ነስንሶ ማወፈር ግን ይቅርባችሁ። መጨረሻ ላይ የገባ ሽሮ ይጓጉላል፣ ለመብሰልም ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በዚያ 20 ደቂቃ ዱባው ገንፎ ይሆናል።

ለነገሩ ሽሮውም ለራሱ ሲሠራ የሚበላሸው በችኮላ ነው። አንድ ኩባያ ሽሮ ለሦስት ኩባያ ውሃ፣ ቁሌቱ ላይ ውሃው ሲፈላ በአንድ እጅ እየነሰነሱ በሌላው ማማሰል፣ ከዚያ እሳቱን ቀንሶ ግማሽ ሰዓት ያህል ማንተክተክ። ሲወርድ ትንሽ ቀጠን ብሎ ቢታያችሁ አትደንግጡ፣ ሲቀዘቅዝ ይጠብቃል። ምስር ክክ ሁለት ኩባያ አምስት ኩባያ ያህል ሙቅ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃው እስኪጠራ ታጥቦ ቁሌቱ ላይ ይገባል፣ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ጎመን ከተቀቀለ በኋላ በእጅ ጥርግ አድርጎ መጭመቅ ነው፤ ያልተጨመቀ ጎመን ትሪው ላይ ኩሬ ይሠራል፣ አጠገቡ ያለውን ወጥ ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

የዱባውን ፍሬ አትጣሉ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ምጣድ ላይ ቆላ ተደርጎ ጨው ሲነካው ከቡና ጋር እንደ እሱ የሚሆን አይገኝም። የእኔው ፍሬ ጥሩ ሆኖ ነበር፤ እትዬም አመስግነውኛል። «ፍሬው እንኳን ደርቋል» ነው ያሉት። «እንኳን» የምትለዋን ልብ በሉልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ በር ተንኳኳ። የአራተኛ ፎቋ ጎረቤቴ ትልቁ ልጅ ነው።

«እማዬ የድስቱን ክዳን ትስጪኝ ብላለች።»

ድስቱን ይዞ የመጣ መስሎኝ ከኋላው ተመለከትኩ። ባዶ እጁን ነው።

«ክዳኑን ለምን ፈለገችው?»

«እንግዳ አለብን። ዱባ ወጥ እየሠራች ነው።»

ክዳኑን ከቁም ሳጥን አናት ላይ አወረድኩት። አቧራውን ጠራረግኩ፣ በሁለት እጄ አቀበልኩት፣ «አደራ፣ ግጥም አድርጋ ትክደነው በላት» አልኩት።