ሁለት መርፌ

ወደ አልትራሳውንድ ክፍሌ የመጣው የጥያቄ ወረቀት አንድ መስመር ነበር፦ «በቀኝ ካለው ትልቅ እብጠት ናሙና ይወሰድ።» እማማ አልጋው ላይ ተጋድመው አንገታቸውን ቀና አደረጉልኝ። አንገታቸው ላይ ባለው የታይሮይድ ዕጢ ያበጠው እብጠት ያለ ማሽንም ይታያል። የማሽኑን መመልከቻ፣ ፕሮቡን፣ ሳሳርፍበት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ውስጡ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ፣ ስፖንጅ የመሰለ። የሚያበሩ ነጠብጣቦችም አሉት፤ ግን እያንዳንዳቸው ከኋላቸው ረጅም ጭራ ይጎትታሉ። ያ ጭራ የኮሎይድ፣ ማለትም ዕጢው ውስጥ የሚጠራቀም ዝልግልግ ፈሳሽ፣ ምልክት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ የታይሮይድ እብጠት ምን ያህል በካንሰር እንደሚያጠራጥር በሚመዝነው የቲራድስ ነጥብ አሰጣጥ እንዲህ ያለው እብጠት ዜሮ ያገኛል፤ ምንም ያህል ቢተልቅ መርፌ አያስፈልገውም።

ወደ ግራ ስሻገር እጄ ቆመ። ማንም ዳስሶ ያላገኘው 12 ሚሊ ሜትር ኖዱል፣ ማለትም ትንሽ እብጠት፣ ነው። ጠጣር፣ ከዙሪያው የታይሮይድ ሥጋ ጠቆር ያለ። ፕሮቡን አግድም ይዤ ስለካው ከወርዱ ይልቅ ወደ ውስጥ ያለው ቁመቱ ይበልጣል። ነጠብጣቦቹም ደቃቅ ናቸው፤ ጭራ የላቸውም። ለጠጣርነቱ ሁለት፣ ለጥቁረቱ ሁለት፣ ለቁመቱ ሦስት፣ ለነጠብጣቦቹ ሦስት ነጥብ፤ ድምሩ 10። ከ7 ጀምሮ ያለው የመጨረሻው የጥርጣሬ ደረጃ ነው፤ እዚያ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ከሞላ ናሙና ይወሰድለታል።

የላካቸው ሐኪም ጋ ደወልኩ።

«ትልቁን ነው ያልኩህ» አለኝ።

«ዶክተር፣ ትልቁ ዜሮ ነው። የሚያሳስበው የግራው ነው።»

«ለአንድ ሴንቲ ጊዜ አታጥፋ። ሴትዮዋን ያስጨነቃቸው የሚታየው ነው። አንተ ውጋ፤ መወሰን የእኔ ነው።»

«ለአንድ ሴንቲ» ያላት ነገር እስካሁን ታንገበግበኛለች። መጠን መርፌ መቼ እንደሚገባ ይወስናል እንጂ የእብጠቱን ጠባይ አይናገርም። ካንሰር ያልሆነው አብዛኛውን ጊዜ የሥጋውን ድርብርብ ተከትሎ ይተኛል፤ ያ ትንሹ ግን ድርብርቡን ሰንጥቆ ቆሞ ነበር። ይህን ሁሉ በስልክ ማስረዳት ነበረብኝ። ያልኩት «እሺ» ብቻ ነው። ከዚያ ከሁለቱም ወሰድኩ።

የናሙናዎቹ የላቦራቶሪ (ፓቶሎጂ) ውጤት መጣ፦ ትልቁ ምንም የለበትም፤ ትንሹ ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር። ሐኪሙ ካርዱ ላይ «በታዘዘው መሠረት በተወሰደው ናሙና ካንሰር ተገኝቷል» ብሎ ጻፈ። የታዘዘው የቀኙ ነበር! ያችን መስመር ብቻ ያነበበ ቀዶ ሐኪም የትኛውን ጎን ሊከፍት ነው? ሪፖርቴን «ግራ» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬ መልሼ ላክሁት። ዛሬ ጎኑንና ነጥቡን ከሁሉም በፊት፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ነው የምጽፈው።

እማማ ከቀዶ ጥገናው በፊት የአንገታቸው ንፍፊቶች እንዲታዩ እንደገና ወደ እኔ ተላኩ። ጄሉን ስቀባቸው የቀኙን እብጠት በጣታቸው ነክተው «ልጄ፣ በሽታው በግራ ከነበረ ይሄኛውን ለምን ወጋኸው?» አሉኝ።

«ታዝዞ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ዜሮ መሆኑን ከመውጋቴ በፊት አውቅ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።