ከፑንቲና ወደ ኤሌክትሮኒክ፦ 404ቷ እዚህ ደርሳለች

ፔጆዋ ደንገጎን ስትወጣ ትቆራርጥ ነበር። ከድሬ ስትነሳ ምንም የለባትም። ዳገቱ ሲጀምር ግን ታስነጥሳለች፣ ጉልበቷ ይጠፋል፣ ከኋላ ደግሞ አይሱዙው ጡሩንባውን ይለቅብኛል። ሐረር ስደርስ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ፑንቲናውን (እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላው እሳት የሚያስነሳውን ትንሽ መገናኛ) በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርጌ፣ ክፍተቱን ወደ 0.4 ሚሊሜትር መልሼ እወርዳለሁ። ከወር በኋላ ያው ነው። የሚፋተገው ጫፉ ሲበላ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ታይሚንጉም፣ ማለትም እሳቱ የሚነሳበት ሰዓት፣ አብሮ ይዛባል። ሰለቸኝ።

ፑንቲናውን የሚተካው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ አሠራሩ ቀላል ነው። ፑንቲናውና ኮንደንሰሩ ይወጡና በቦታቸው ትንሽ ሞጁል ይገባል፣ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ውስጥ ከሚሽከረከረው ሮተር ስር ማግኔት ያለበት ቀለበት ይጠለቃል። ማግኔቱ በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ሞጁሉ የቦቢናውን (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚፈጥረውን ጥቅል) ከረንት ይቆርጣል፣ ካንዴላው እሳት ይሰጣል። የሚነካካ ነገር ስለሌለ የሚበላም የለም።

እኔ ታዲያ ሞጁሉን ከውጭ አስመጥቼ፣ አብሮት ይሁን ብዬ አዲስ ቦቢና ገዛሁ። ሻጩ "አቦ፣ ይሄ እሳት ነው!" አለኝ። እሳትነቱስ እውነት ነው።

ሁለት ሳምንት ሄደች፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጥላ ስር አቁሜ፣ ቁልፉን አብርቼ ሬዲዮ እየሰማሁ ቆየሁ። ለመሄድ ብሞክር ዝም። ቦቢናውን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ፑንቲናውን መልሼ ነው እንደምንም ቤት የገባሁት።

ሜካኒኬ ትልቅ ሰው ናቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አንተ ልጅ፣ ቦቢናውን ለክተኸዋል?"

አልለካሁም። ቴስተሩን አወጣን። መጀመሪያ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች ብናገናኛቸው 0.3 ኦም አሳየ፤ ይሄ የራሱ የገመዱ ስለሆነ ይቀነሳል። ቦቢናው ሁለት ትንንሽ እግሮች ላይ 1.8 አለ። ስለዚህ 1.5 ኦም ነው ማለት ነው። ካርቶኑን አገላብጬ ባየው በውጭ በኩል ከሚገጠም፣ ከረንት ከሚቀንስ ሬዚስተር ጋር የሚሠራ መሆኑ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሬዚስተር የት አለኝ! ቁልፉ በርቶ ሞተሩ ሲቆም 12 ቮልት ለ1.5 ሲካፈል 8 አምፔር ነው፤ በ3 ኦም ቢሆን 4 ብቻ። ከሞጁሉ ጋር የመጣው ወረቀት ደግሞ ለአራት ሲሊንደር ቢያንስ 3 ኦም ይላል። ሳላነበው ኩሩስኮቶ ውስጥ ወርውሬው ነበር።

የመጀመሪያው ሞጁል በዚሁ ስለሄደ፣ ሁለተኛውን ሳዝዝ ተጠነቀቅኩ። 404 ሁሉ አንድ ዓይነት ዲስትሪቢዩተር የለውም፤ ዱሴሊየርም ሴቭም የሚባል ሥሪት የገባላቸው አሉ፣ የአንዱ ኪት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ አካሉ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጨርቅ ጠርጋችሁ አንብቡ። የኔ ዱሴሊየር ነው። የካንዴላ ገመዶቹንም ከመዳብ ወደ ካርቦን ቀየርኳቸው፣ መዳቡ የሚፈጥረው ረብሻ ሞጁሉን ያሳስታል። ቦቢናው አሁን 3 ኦም ነው።

ከገጠምኩ በኋላ ታይሚንጉን በታይሚንግ መብራት አስተካከልኩ፣ ይሄ አይዘለልም። ሁለቴ ሐረር ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ደንገጎ ላይ አንዴም አላስነጠሰችም። አሮጌው ፑንቲናና ኮንደንሰሩ ከካቻቢቴ ጋር በፌስታል ተጠቅልለው ፖርቶ ባጋሊዮ ውስጥ ናቸው፣ አላወጣቸውም።

የሚቀረኝ ሬዲዮውን ከቁልፉ ለይቼ የራሱን ገመድ መሳብ ነው። የካንዴላውን ክፍተት 0.6 ሚሊሜትር ላይ ትቼዋለሁ፤ ከፍ አድርጎ የሞከረ ካለ ይንገረኝ።