የላይኛዋ ገመድ

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፏል። እኔም አብሬው። ልብስ ላስገባ ብዬ በረንዳ ስወጣ ዓይኔ የላይኛዋ ጎረቤቴ ገመድ ላይ ቀረ፦ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሱሪ፣ ደግሞ ጥቁር ቀሚስ። ሐዘን የለባትም። በየወሩ ስምንት ቀን እንደ ቧንቧ የሚፈሳት ሴት ነጭ አትለብስም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከታክሲ ስትወርድ መጀመሪያ ዞር ብላ መቀመጫውን ታያለች። ሹራቧም ለብርድ አይደለም፣ ወገቧ ላይ ለማሰር ነው።

ባለፈው ደረጃ ላይ አስቁማኝ፣ «ማዮማ ነው፣ ማህፀንሽ ይውጣ ተብያለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?» አለችኝ። «ላስብበት» ብዬ አለፍኩ።

ማዮማ፣ ያ ካንሰር ያልሆነው የማህፀን እጢ፣ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የምንጠይቀው «ስንት ሳንቲ ሜትር?» ብለን ነው። የሚያደማው ግን ከመጠኑ ይልቅ ቦታው ነው። ከማህፀን ውጭ በኩል የተንጠለጠለ የ8 ሳንቲ ሜትር እጢ ፊኛ ተጭኖ ሽንት ሲያመላልስ ይከርም ይሆናል እንጂ የወር አበባውን ላይነካው ይችላል። ወደ ውስጠኛው ክፍተት ብቅ ያለች የ2 ሳንቲ ሜትር እጢ ግን በየሰዓቱ ሞዴስ ታስቀይራለች። ደግሞ ለማውጣት የምትቀለው እሷው ናት፤ ሆድ ሳይከፈት፣ በማህፀን በር በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ እየተላጠች ትወጣለች፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን ቤት ይገባል። የአልትራሳውንዱ ወረቀት ላይ ቦታው ተጽፎ ይሆን? መጀመሪያ ይህን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።

የሚያስቸግረው ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ነው። ልጅ ለምትፈልግ እጢው ብቻ ተለቅሞ ማህፀኑ በክር ይሰፋል። ያን ጊዜ ደም በብዛት ሊፈስ ስለሚችል የማህፀኑን ሥር በላስቲክ ቱቦ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ወይም የደም ሥር የሚያጠብ መድኃኒት መውጋት አለ። ጉድጓዱም ከሥር ጀምሮ በድርብ ይሰፋል፤ ከላይ ብቻ ከተደፈነ ውስጡ ደም ይቋጥራል። ጠልቆ ተቆርጦ ከሆነ ቀጣዩ ልጅ በኦፕራሲዮን እንዲወለድ ይመከራል፣ ጠባሳው በምጥ እንዳይቀደድ። ያን ሁሉ አልፎም ማዮማው ሊመለስ ይችላል፣ ያልተለቀሙ ጥቃቅኖች አይጠፉምና። ማህፀን ሲወጣ ግን ደሙም ማዮማውም ያበቃል። እርግዝናም አብሮ።

በመሃል ሌላ መንገድ አለ። የፓሪስ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት ደም እንዲቀንስ ብለው ወደ ማዮማው የሚሄደውን የደም ሥር ከውስጥ ይዘጉ ነበር። አንዳንዶቹ ሴቶች ተራቸውን ሲጠብቁ ተሻላቸውና ኦፕራሲዮኑን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1995 ይኸው ራሱን የቻለ ሕክምና ሆኖ ታተመ። ተራ መጠበቅ ያዳነው ሰው መኖሩ ደስ ይለኛል።

«ይውጣ» የሚለው ቃል ግን ከነከነኝ። ጥርስም ይወጣል፣ ቆሻሻም ይወጣል። ማህፀንና ተማፀነ ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ተማፀነ ማለት መጠጊያ ፈለገ ማለት ነው። ለመሆኑ ምኑ ነው የሚወጣው? የማህፀን በር ሳይወጣ ከቀረ የካንሰር ምርመራው ይቀጥላል፣ በየወሩ ጠብታ ደም የሚታያቸውም አሉ። የእንቁላል ማምረቻዎቹም ሳይወጡ ከቀሩ ሆርሞኑ አይቋረጥም። ማረጥ ትንሽ ሊቀድም ይችላል እንጂ አንድ ሌሊት አድሮ አሮጊት ሆኖ መነሳት የለም። ሰፈሩ ግን ይህን አይለያይም፣ «ወጣላት» ብሎ ይደመድማል።

ደግሞ ደሟ! ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ለሴት ሄሞግሎቢን የሚባለው የደም ልኬት ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው፤ 7 ይዞ ኦፕራሲዮን ክፍል መግባት ሰውም ደም ባንክም ማስጨነቅ ነው። የብረት ኪኒን ትወስዳለች፣ ግን በአቦል! ቡናና ሻይ ብረቱን ሰውነት እንዳይቀበለው ያግዱታል፤ ሁለት ሰዓት ያህል ማራራቅ፣ ከብርቱካን ጋር መዋጥ ነው። ከታች እየፈሰሰም ከላይ አይሞላም። በወር አበባው ቀናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት 1 ግራም በቀን ሦስት ጊዜ፣ እስከ አራት ቀን፣ ደሙን ይቀንሳል፤ ደም ሥሯ ውስጥ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ከሆነ ግን አይሰጣትም። ዕድሜዋም 45ን አልፏል፣ ስለዚህ ከማህፀኑ የውስጥ ሽፋን ናሙና ሳይታይ ደሙን ሁሉ በማዮማ ማሳበብ አይገባም። ናሙናው ተወስዶ ይሆን?

ሆድ ከተከፈተ ደግሞ ስድስት ሳምንት ያህል ጀሪካን ማንሳት የለም። አራተኛ ፎቅ፣ ውኃ በሳምንት ሁለቴ። ማን ያወጣላታል?

ይሄን ሁሉ አውጥቼ አውርጄ «አንቺ ምን ትያለሽ?» ላለችው አንድ መስመር መልስ አላገኘሁም።

ዝናቡ መቼ እንደጀመረ እንጃ። ነጭ አንሶላዎቼ ገመዱ ላይ እንዳሉ ውኃ ያንጠባጥባሉ። ቀና ብዬ ባይ የእሷ ገመድ ባዶ ነው። ደም የሌላት ሴትዮ ልብሷን ሰብስባ ገብታለች።