የክበባችን አባላት እንዳይበተኑ ያደረግነው

አባል መመዝገብ ከባድ አይደለም። ሐዋሳ ውስጥ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆሻሻ ስትለቅሙ ያየ ወጣት «እኔንም መዝግቡኝ» ማለቱ አይቀርም። ከባዱ ያንኑ ሰው በሦስተኛው ወር ማግኘት ነው። የጽዳት ክበባችንን መዝገብ ከያዝኩ ወዲህ የቴሌግራም ግሩፑን ቁጥር ትቼዋለሁ፤ አባል ብዬ የምቆጥረው ባለፉት 3 ወራት ቢያንስ 2 ጊዜ ሥራ ላይ የተገኘውን ብቻ ነው።

መዝገቡ ላይ ከስም፣ ከስልክና ከሙያ ሌላ ሰፈሩን፣ የሚመቸውን ቀንና ማን እንደጋበዘው እንጽፋለን። ጋባዡ ዋና ነው፤ አዲሱ ሰው ሲቀር የሚደውለው ጸሐፊው ሳይሆን እሱ ነው። በተከታታይ 2 ጊዜ የቀረ ሰው በዚያው ሳምንት ይደወልለታል። ከዚያ ካለፈ ሰውየው ያፍራል፣ ስልክም አያነሳም።

አዲስ አባል በ2 ሳምንት ውስጥ የራሴ የሚለው ሥራ ይሰጠው፤ ጓንት ማደል ወይም ከረጢት መቁጠር ይበቃል። ዝም ብሎ ቆሞ የዋለ ሰው አይመለስም።

ለጽዳት 5 ሰው አንድ ቡድን ይሁን፣ ለቡድኑም 3 የማዳበሪያ ከረጢትና አንድ አካፋ፣ ለየሰዉ ጓንት። ከጠዋቱ 1:00 እስከ 3:00 ይበቃል። ከረጢቱን የሚያነሳው የጽዳት ማኅበር ግን ቀድሞ ካልተነገረው፣ ውሻና አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቀደው ይበትኑታል። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ፌስታል ደግሞ የለቀመ አባል ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። እኔም ብሆን አልመጣም።

የስብሰባ ቀን ማክሰኞ 11:30፣ ለ1 ሰዓት ብቻ። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ ቅዳሜ ሰንበታቸው የሆነ አድቬንቲስቶች አሉ፣ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለዚህ ጽዳቱን አንድ ወር ቅዳሜ፣ አንድ ወር በሥራ ቀን እናደርገዋለን። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፍቼ ጫምባላላ ቀን በየዓመቱ ኮከብ በሚያዩት አያንቶዎች ቆጠራ ስለሚታወቅ፣ በዚያ ሰሞን ትልቅ ሥራ አንይዝም።

ከእድር የወሰድነው አለ፣ የተውነውም አለ። ስም ጥሪውንና የገንዘብ ያዡን ሪፖርት ወስደናል፤ በየስብሰባው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ደረሰኝም ይታያል። ቅጣቱን ግን ተውነው። እድር ላይ ቅጣት የሚሠራው ሰው ለቅሶው ላይ ብቻውን መቅረትን ስለሚፈራ ነው፤ ክበብ ውስጥ ያ ፍርሃት የለም፣ ውዝፍ የተከማቸበት ሰው በዚያው ይጠፋል። መዋጮ በ3 ወር አንዴ ይሰበሰብ፣ ያልቻለ በጉልበቱ ይክፈል። ሆቴል ውስጥ አትሰብሰቡ፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ከመዋጮው ይልቅ የማኪያቶውን ሒሳብ ሸሽቶ ነው፣ ግን አይናገርም።

ሐዋሳ ሰው የሚመጣባትና የሚሄድባት ከተማ ናት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክረምት ላይ ይሄዳል፣ የባንክ ሠራተኛ ይዛወራል፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ፈረቃው ይቀየራል። ለዚህ ሲባል ሰብሳቢው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ እዚሁ ሱቅ፣ ፋርማሲ ወይም ቤተሰብ ያላቸው ይሁኑ፤ ተማሪው የዘመቻ ሥራውን ይምራ። ትልቁን ምዝገባ ጥቅምት ላይ አድርጉት፤ ሰኔ ላይ የተመዘገበ ተማሪ መስከረም ላይ የት እንዳለ አይታወቅም።

ለለቀቀ ሰው «ለምን ተውከን?» አንለውም፤ መልሱ «ሥራ በዛብኝ» ነው። የምንጠይቀው መጨረሻ በመጣበት ቀን ምን ሲሠራ እንደዋለ ነው። መልሱ መዝገቡ ላይ፣ ከጋባዡ ስም አጠገብ ይጻፋል።