ፍሬሽማን በድሬዳዋ፦ ክሬዲቱን አስቀድሞ ማስላት

አዲስ ተማሪ ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚወርድበት ለሁሉም ኮርስ እኩል ሰዓት ስለሚሰጥ ነው። ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ሲሠራ የእያንዳንዱ ውጤት ነጥብ (ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2) በኮርሱ ክብደት ማለትም በክሬዲቱ ይባዛል፣ ተደምሮ ለጠቅላላ ክሬዲት ይካፈላል። በባለ 4 ክሬዲት ኮርስ ቢ፣ በባለ 3 ሲ፣ በባለ 2 ኤ ያመጣ ተማሪ 12፣ 6 እና 8፣ በድምሩ 26 ነጥብ አለው፤ ለ9 ሲካፈል 2.89 ነው። ኤውና ሲው ቦታ ቢለዋወጡ 3.11 ይሆናል፤ ፊደሎቹ ግን ያው ናቸው!

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ኮርስ አውትላይኑን ተቀብላችሁ ክሬዲቱን፣ የኩዊዙን፣ የአሳይመንቱን፣ የሚዱንና የፋይናሉን ድርሻ አንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። አሳይመንት በሰዓቱ አለማስገባት በጣም ያሳዝነኛል፤ እቤት ተሠርቶ የሚገኝ ማርክ በፈተና አዳራሽ በቀላሉ አይተካም። በቡድን ስታጠኑ ሦስት ወይም አራት ሁኑ፤ ጥያቄዎቹን እያንዳንዱ ለብቻው ሞክሮ ይምጣ። አለበለዚያ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይገለብጣል፣ ፈተና ላይ ይጋለጣል።

ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ላይ ስለሆነች ትሞቃለች፤ ከቀትር በኋላ ዶርም ውስጥ ሂሳብ አይገባም። ከባዱን ከንጋቱ 11 እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ጨርሱ፤ ቀትር ላይ ኖት አስተካክሉ ወይም ተኙ። ውኃ ማታውኑ ቀድታችሁ አስቀምጡ።

ሐረማያ የተመደባችሁ ግን ሹራብና ወፍራም ብርድ ልብስ ያዙ። ከድሬ ሩቅ ባይሆንም ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል።